ለፖፕ-አፕ ካምፐር መኝታ ከመግዛትዎ በፊት

ዴንቨር፣ ሲያትል ወይም ላስ ቬጋስ ለሚኖር ሐበሻ ተራራውም በረሃውም ሩቅ አይደለም። አርብ ከሥራ ወጥቶ ማታውኑ ደን ውስጥ ማደር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ፒክአፕ መኪና ላይ ከሚጫነው ፖፕ-አፕ ካምፐር የተሻለ ነገር በቀላሉ አያገኝም። መንገድ ላይ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ነፋስ ብዙም አይታገለውም። ቦታው ሲደረስ መቆለፊያዎቹ ይፈታሉ፣ ጣሪያው ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋል፣ ተጣጥፎ የነበረው ሸራ ይወጠርና ግድግዳ ይሆናል። ፎር ዊል ካምፐርስ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው በዚህ ዓይነት ካምፐር ነው። አልጋው ያለው ከፊት፣ ከሹፌሩ ክፍል በላይ በተንጠለጠለው ቦታ ላይ ነው።

ካምፐሩን የገዛ ሰው ቀጥሎ የሚሮጠው ወፍራም ፍራሽና ያበጠ ኮምፎርተር ለመግዛት ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ተንደላቆ ያድራል። ጠዋት ለመመለስ ሲነሳ ጣሪያው አልዘጋ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕይንት የታወቀ ነው፤ ኮምፎርተሩ ተጠቅልሎ ወደ መኪናው የኋላ ወንበር፣ ትራሱ ወደ ልጆቹ እግር ሥር ይሄዳል፣ ዕረፍት የተባለው ጉዞ በዕቃ ማመላለስ ያልቃል።

ስለዚህ እዚህ የማቀርብልዎ ቅደም ተከተል የፍራሽ ሻጭ ከሚነግርዎ የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ጣሪያው ሲዘጋ የሚተርፈውን ክፍተት ያውቃሉ፣ ቀጥሎ ስለ እርጥበት ያስባሉ፣ ልስላሴ የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው።

ሜትር ይዘው ይግቡ

ካታሎጉ ላይ «ኩዊን አልጋ» ተብሎ የተጻፈውን ብቻ አይመኑ። አሜሪካ ውስጥ የቤት ኩዊን ፍራሽ 152 በ203 ሴንቲ ሜትር (60 በ80 ኢንች) ነው፤ ለካምፐር የሚሸጠው አጭሩ ኩዊን ግን 152 በ190 (60 በ75 ኢንች) ነው። ለቤት የተሠራ ዙሪያው ላስቲክ ያለው አንሶላ አጭሩ ላይ ሲለብስ ትርፉ 13 ሴንቲ ሜትር እግርዎ ሥር ተጠራቅሞ ያድራል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የፖፕ-አፕ አልጋዎች ተሳቢ ናቸው። ቀን ወደ ፊት ተገፍተው ጠበብ ብለው ይውላሉ፤ ማታ ሳንቃው ወደ ኋላ ይሳብና ክፍት የሆነው ቦታ ላይ ተጨማሪ የስፖንጅ ቁራጭ ይገባል። ስለዚህ ሁለት ልክ ይያዙ፣ አልጋው ሲገፋና ሲሳብ። ማዕዘኖቹ የተጠማዘዙ ወይም የተቆረጡ ከሆኑ ጋዜጣ አንጥፈው ቅርጹን ያንሱና ወረቀቱን ያስቀምጡት፤ ስፖንጅ ቆራጭ ዘንድ ሲሄዱ ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸው ወረቀት ነው።

ርዝመትና ስፋት ቀላሉ ሥራ ነው። ዋናው ቁመቱ ነው፤ ጣሪያው ተዘግቶ እያለ ደግሞ ገብተው ሊለኩት አይችሉም። መላው እንዲህ ነው። ኩሽና ውስጥ ምግብ የምንጠቀልልበትን ፎይል ይውሰዱና ላላ አድርገው አምስት ስድስት ኳስ ይጨምድዱ፤ ኳሶቹ ይኖራል ብለው ከሚገምቱት ክፍተት ከፍ ይበሉ። ፍራሹን አውጥተው ኳሶቹን ባዶው ሳንቃ ላይ ይደርድሯቸው። አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ፣ ሌሎቹ ከመብራቱ ሥር፣ ከጣሪያው ማናፈሻ ሥርና በሁለቱ ጠርዞች ይሁኑ። ውስጥ ሰውም ውሻም አለመኖሩን አረጋግጠው ጣሪያውን ዝቅ ያድርጉ፣ መቆለፊያዎቹን ሁሉ እንደ ጉዞ ቀን ይቆልፉ። ከዚያ ከፍተው የተጨፈለቁትን ኳሶች በማስመሪያ ይለኩ። ከሁሉም ትንሹ ቁጥር የእርስዎ ቁጥር ነው፤ ስልክዎ ላይ ይጻፉት።

ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጣሪያው ብረት ወይም አሉሚኒየም ተሸካሚ ስላለው ሁሉም ቦታ እኩል ዝቅ አይልም፤ ማናፈሻው ደግሞ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ጠርዙ ላይ ሌላ ነገር አለ። ጣሪያው ሲወርድ የሸራው ግድግዳ ወደ ውስጥ ታጥፎ አልጋው ዳር ላይ ይተኛል። ለብርድ ተብሎ ከሸራው በስተ ውስጥ የሚሰቀለው ወፍራም የሙቀት መጋረጃ ካለዎት እሱም አብሮ ስለሚታጠፍ መጋረጃውን እንደሰቀሉ ይለኩ።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። ትንሹ ቁጥር 15 ሴንቲ ሜትር ወጣ እንበል። ከሥር ለአየር ማለፊያ 2፣ ለፍራሹ 8 ቢሰጡ የሚተርፍዎ 5 ነው። አንሶላው፣ የሚደርቡትና ትራሱ በዚህ 5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ተጨፍልቀው ይገባሉ፤ ካልሆነ ለእያንዳንዳቸው ሌላ ማስቀመጫ ማዘጋጀት አለብዎት። የላባ ኮምፎርተር ይጨፈለቃል። ወፍራም የሜሞሪ ፎም ትራስ አይጨፈለቅም።

«ትንሽ ተጭኜ ብዘጋውስ?» ይሉ ይሆናል። ይዘጋል። ነገር ግን መቆለፊያው በየቀኑ ይሳባል፣ ሸራው በጣሪያውና በካምፐሩ ወገብ መሐል ይቀረቀርና ይቀደዳል፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ ደግሞ ከታች የሚገፋው ስፖንጅ ጣሪያውን ሲያንገጫግጨው ይውላል። የሸራ ጥገና ከፍራሽ ይወደዳል።

የት ነው የሚያድሩት?

ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ ያለችው ሌድቪል 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ዴንቨር ውስጥ በካናቴራ ያመሹበት የሐምሌ ማታ ሌድቪል አካባቢ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው የሚያውቀው ብርድ ይሆናል። ዩታ ያለው የሞአብ በረሃ በሐምሌ ቀኑን ያነድዳል፣ ሌሊቱም አንድ ስስ ነገር እንጂ ኮምፎርተር አያስደርብም። ሲያትል ለሚኖር ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የሆ ደን በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ዝናብ የሚዘንብበት ቦታ ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት ያደረ ጥጥ አይደርቅም።

ስለዚህ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ መኝታ አይፈልጉ። አብዛኛውን ሌሊት ለሚያድሩበት ቦታ ይግዙ፤ ለቀሪው የሚጨመርና የሚቀነስ ነገር ይያዙ።

ከፍራሹ ሥር

ብዙ ሰው ገንዘቡን ከላይ ያፈሳል፣ ከሥር ያለውን ይረሳል። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ዶላር የማወጣው ከፍራሹ ሥር ነው።

የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው ሌሊቱን ሙሉ እንፋሎት ያወጣል፤ ሁለት ሰው የተኛበት ትንሽ ክፍል ውስጥ ጠዋት ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ቢጠራቀም አያስገርምም። ከፊሉ ወደ ሸራው ሄዶ ጤዛ ይሆናል፤ ይኼኛው ስለሚታይ በፎጣ ይጠረጋል። ከፊሉ ግን ወደ ታች ይሄዳል። የአልጋው ሳንቃ ከመኪናው ጣሪያ በላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከሥሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛ አየር ያልፋል። የሰውነትዎ እንፋሎት በስፖንጁ ውስጥ ሰርጎ ቀዝቃዛው ኮምፔንሳቶ ጋ ሲደርስ ወደ ውሃ ይለወጣል። ጠዋት ፍራሹን ቀና አድርገው ሥሩን በመዳፍዎ ይዳስሱት። በተለይ ወገብዎ ባረፈበት ቦታ ርሶ ያገኙታል። ይህ በየጉዞው ተደጋግሞ ሳይደርቅ ከታሸገ ጥቁር ነጠብጣብ ይጀምራል፣ ቀጥሎም የሻጋታው ሽታ ይመጣል፤ አንዴ ስፖንጅ ውስጥ የገባ ሻጋታ ደግሞ ታጥቦ አይወጣም።

መድኃኒቱ በፍራሹና በሳንቃው መሐል አየር የሚያልፍበት ቦታ መተው ነው። ለጀልባና ለካምፐር ተብሎ የሚሸጥ ሃይፐርቬንት የሚባል ምንጣፍ አለ፤ ተጠላልፎ የቆመ የፕላስቲክ ክር ሲሆን ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ በመቀስ ይቆረጣል። ፍሮሊ የሚባለው የጀርመን ሥራ ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ስፕሪንጎች ናቸው፤ አየርም ያስተላልፋል፣ ስስ ፍራሽንም ያለሰልሳል፣ ዋጋውና ቁመቱ ግን ከፍ ይላል። በርካሽ መገላገል የፈለገ ሰው ስስ የእንጨት ርብራብ ቢያነጥፍም ይሠራል፤ ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ እንዳይረሳ ብቻ።

የዮጋ ምንጣፍ ወይም የሚያብለጨልጭ የመከላከያ ላስቲክ ከስፖንጁ ሥር ቢያነጥፉ ከታች የሚመጣውን ብርድ ይቀንሳል። እንፋሎቱን ግን አያስተላልፍም፤ ውሃው በሳንቃው ፋንታ በላስቲኩ ላይ ይጠራቀማል። መጠቀም ካለብዎት አየር ማለፊያው ከላይ፣ ላስቲኩ ከታች ይሁን።

ፍራሹ

ከፋብሪካ የሚመጣው ፍራሽ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተቆራረጠ ስፖንጅ ነው። ለአንድ ሁለት ሌሊት አይከፋም። ከ40 ዓመት በላይ ለሆነና በጎኑ ለሚተኛ ሰው ግን ትከሻውና ዳሌው ሳንቃውን ያገኙታል፤ መጋጠሚያው ወገብ ሥር ሲውል ደግሞ ይባስ ብሎ ይቆረቁራል። እንደዚያ ከሆነ ሙሉውን ይቀይሩት፤ ላዩ ላይ ሌላ ስፖንጅ መደረብ ቁመቱን ይበላብዎታል።

ስፖንጅ ሲገዙ ጥግግቱን ይጠይቁ። ሻጩ በእጁ ጫን ጫን አድርጎ «ጠንካራ ነው» ቢልዎት ጥንካሬና ጥግግት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሜትር ኩብ 40 ኪሎ ግራም አካባቢ የሚመዝን ጥሩ ስፖንጅ (አሜሪካኖቹ 2 ነጥብ 5 ፓውንድ የሚሉት) በ8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ቀላሉና ርካሹ ዓይነት ግን ቶሎ ይጎደጉዳል። ላቴክስ ከሁሉም ይመቻል፣ አየርም ያስተላልፋል፣ ግን ይከብዳል። 152 በ190 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ 9 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን ያው መጠን ላቴክስ ወደ 16 ይደርሳል። ፒክአፕ የሚሸከመው ክብደት የተወሰነ ነው፤ ካምፐሩ፣ ውሃው፣ ጋዙና ቤተሰቡ ተደምረው ጠርዝ ላይ ላደረሱት መኪና 7 ኪሎም ቁም ነገር ነው።

ሜሞሪ ፎም የሚባለውን ለሞቃት ቦታ ካልሆነ አልመክርም። በሰውነት ሙቀት የሚለሰልስ ነገር ስለሆነ ካምፐሩ ቀዝቅዞ ካደረ መጀመሪያ ሲተኙበት ሳንቃ ይሆንብዎታል።

የአየር ፍራሽ የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ ተንፍሶ ስለሚታጠፍ የጣሪያውን ጉዳይ ይፈታል። ሆኖም ውስጡ ምንም መከላከያ የሌለው ባዶ የአየር ፍራሽ ብርዱን በቀጥታ ወደ ጀርባዎ ያመጣዋል። የካምፕ ፍራሾች ላይ የሚጻፈው አር-ቫልዩ የተባለ ቁጥር ብርድ የመከላከል አቅሙን ይነግርዎታል፤ ለበጋ 2 ይበቃል፣ ለመጸውና ለጸደይ ተራራ 4 እና ከዚያ በላይ፣ በረዶ ላይ ለማደር 6 ይፈልጉ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ዴንቨር ላይ ጥርቅም ብሎ የተነፋ ፍራሽ ወደ ተራራው ሲወጣ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ይወጠራል። የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ትሬይል ሪጅ መንገድ 3,713 ሜትር ድረስ ይወጣል። ስለዚህ የአየር መዝጊያውን ከፍተው ይጓዙ፣ ሲደርሱ ይንፉት፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ትንሽ ስለሚላላ ከመተኛትዎ በፊት ይጨምሩበት።

ስፖንጁን ራስዎ የሚቆርጡ ከሆነ ያንን የጋዜጣ ቅርጽ ያንጥፉበት፣ በማርከር ያስምሩ፣ ዳቦ ወይም ሥጋ በሚቆረጥበት የኤሌክትሪክ ቢላ ቀስ ብለው ይቁረጡ። ልብሱን ዚፕ ያለው አድርገው ለልብስ ሰፊ ይስጡ፤ ወልቆ የማይታጠብ የፍራሽ ልብስ ካምፐር ውስጥ አንድ ክረምት አይዘልቅም።

አንሶላ

እዚህ አልጋ ጎን ቆመው የሚያነጥፉበት ቦታ የለም። ሰውየው አልጋው ላይ ተንበርክኮ፣ ራሱ የተንበረከከበትን አንሶላ ከጉልበቱ ሥር እየጎተተ ነው የሚያነጥፈው። ሁለተኛውን አንሶላ ፍራሹ ሥር መወሸቅ የሚባል ነገር ስለዚህ ይቅርብዎት። ዙሪያው ላስቲክ ያለው አንድ አንሶላ ይበቃል፤ ቁመቱ ለስስ ፍራሽ የተሠራ ይሁን። የዛሬ የቤት አንሶላ 30 እና 40 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ወፍራም ፍራሽ ተብሎ ስለሚሰፋ 8 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ይንዘላዘላል፤ በማዕዘኖቹ ሥር በሚያያዝ የአንሶላ መያዣ ላስቲክ ይወጥሩት።

ጨርቁ ለብርድ ፍላኔል፣ ለሙቀት ስስ የጥጥ ወይም የተልባ እግር (ሊነን) አንሶላ ይሁን። የዩታ ቀይ አሸዋ ለሚያገኛቸው ደግሞ ለስላሳና ጥብቅ ሆኖ የተሠራ አንሶላ በእጅ ሲመታ አሸዋውን ያራግፋል፤ ፍላኔል ግን ይዞት ይከርማል።

የሚደርቡት

ለሁለት ሰው አንድ ትልቅ ኮምፎርተር ከመግዛት ለእያንዳንዱ የራሱ ቢሆን ይሻላል። አብዛኛው አልጋ በመኪናው ስፋት የሚተኙበት ስለሆነ ከፊት በኩል ያለው ሰው ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ሌላውን ተሻግሮ ነው የሚወርደው፤ አንድ ልብስ የተካፈሉ እንደሆነ ይዞት ይወርዳል። ሁለት ትናንሽ ደግሞ ጣሪያው ሥር ተስተካክለው ይነጠፋሉ፣ በተራ ይታጠባሉ።

የላባ ኮምፎርተር ወይም ስሊፒንግ ባግ ለክብደቱ ከሁሉም ያሞቃል፣ ሲጨፈለቅም ወረቀት ያህል ይሆናል። ለዴንቨር ደረቅ ተራራ የሚስተካከለው የለም። ድክመቱ እርጥበት ነው፤ ላባ ሲረጥብ ይኮማተርና ሙቀቱ ይጠፋል። ሲያትል አካባቢ ለሚያድር ሰው ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለው ይሻላል፤ ወፈር ቢልም እርጥብ ሆኖ ትንሽ ያሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል።

ስሊፒንግ ባግ ሲገዙ ቁጥሩን ተጠንቅቀው ያንብቡ። እኛ በሴልሺየስ ያደግን ሰዎች «20 ዲግሪ» የሚል ስናይ ለሞቃት ሌሊት የተሠራ ይመስለናል። አሜሪካ ውስጥ ያ ቁጥር ፋረንሃይት ነው፤ 20 ማለት ከዜሮ በታች 7 ሴልሺየስ ገደማ፣ 0 ማለት ከዜሮ በታች 18፣ 40 ደግሞ ከዜሮ በላይ 4 ገደማ ነው። ሌላም አለ። በዓለም አቀፉ መለኪያ አይኤስኦ 23537 የተፈተነ ባግ ቢያንስ ሁለት ቁጥር ይኖረዋል፣ ተመችቶዎት የሚያድሩበት እና ተኮማትረው የሚችሉት የመጨረሻው ወሰን። ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ውስጥ ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ፈልገው የምቾቱን ቁጥር ይመኑ፤ ብርድ የሚፈራ ሰው ከዚያም ጥቂት ዲግሪ ይጨምር።

ወደ ጋቢ እንምጣ፤ የሐበሻ ካምፐር ያለ ጋቢ አይሄድምና። አራት ድርብ ሆኖ የሚሠራው የጥጥ ጋቢ እሳት ዳር ተቀምጦ ለማምሸት የሚወዳደረው የለም፤ እሳቱ የፈነጠቀው ብልጭታ የናይሎን ጃኬት ሲያቀልጥ ጋቢን ቶሎ አይጎዳውም። አልጋ ላይ ግን ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጋቢ ከባድ ነው፤ የላባ ኮምፎርተር ላይ ቢደርቡት ላባውን ተጭኖ ያሟሽሸዋል፣ የላባ ሙቀት ደግሞ ያለው በማበጡ ነው። ስለዚህ ጋቢው ከውስጥ፣ ከገላዎ ጋር፣ ላባው ከላይ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ጋቢው ላብን ይመጥጣል፣ ኮምፎርተሩም ቶሎ አይቆሽሽም። ሁለተኛው ጉዳይ ጫፉ ነው። ጥጥ ውሃን ይስባል፤ የጋቢው ጫፍ ጤዛ ያወጣውን ሸራ ነክቶ ካደረ ጠዋት ላይ ግማሹ ርሶ ይገኛል፣ ያ ድርብ ጨርቅ ደግሞ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይደርቅ ይችላል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። ለሆ ደን ጋቢውን እሳት ዳር ያቁሙት፣ አልጋ ላይ አይውጣ። ለሞአብ የሐምሌ ሌሊት ነጠላ ይበቃዎታል።

የሱፍ ብርድ ልብስ ለእርጥብ ቦታ ከጥጥ በብዙ ይሻላል። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እንፋሎት ጠጥቶ እንኳ ገላ ላይ እርጥብ አይመስልም። የመንዝ ባና ከአገር ቤት የመጣለት ሰው ካለ አሁን ነው ጊዜው፤ ይቆረፍዳል የሚል ሰው ከሥሩ አንሶላ ያድርግ።

ትራስ ላይ ብዙ አልቆይም። ላባ ወይም የተቆራረጠ ስፖንጅ ያለው፣ የሚጨፈለቅ ይሁን። ጣሪያው ሲዘጋ መሐል አልጋ ላይ ያስተኙት እንጂ ዳር አይተዉት፤ ሸራው የሚታጠፈው እዚያ ነው።

ሙቀት

የ12 ቮልት የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ያዋጣል ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሂሳቡ ቀላል ነው። 50 ዋት የሚወስድ ብርድ ልብስ ከ12 ቮልት ባትሪ 4 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ስምንት ሰዓት ሲሠራ ከ33 አምፒር-ሰዓት በላይ ይሆናል። የእርሳስ ባትሪዎ 100 ቢሆን ሳይጎዳ የሚጠቀሙበት ግማሹን ነው፤ ፍሪጁም ከዚያው ይጠጣል። ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት አልጋውን አሙቀውበት ያጥፉት። ሊቲየም ያለው ሰው የበለጠ ይዝናና። ከሁሉም የሚረክሰው የፍል ውሃ ላስቲክ ነው፤ ውሃ አፍልተው ጥቂት ሲበርድ ይሙሉት፣ በካልሲ ጠቅልለው እግርጌ ያድርጉት። ሃይላንድ በምንለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ግን የፈላ ውሃ አይሙሉ፣ ጠርሙሱ ይኮማተርና አልጋውን ያረጥበዋል።

የምግብ ማብሰያ ምድጃ ለኩሶ መተኛት ወይም ከሰል ማስገባት ግን በፍጹም አይታሰብ። ከሰል በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ አገር ቤት ሁላችንም ሰምተናል፤ ካምፐር ደግሞ ከማንም ክፍል ይጠብባል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ቁልፉን ተጭነው ይፈትሹ። ጋዝ ሲነድ እንፋሎት ስለሚያወጣም ምድጃው እርጥበቱን ያባብሳል። የቱንም ያህል ቢበርድ የጣሪያውን ማናፈሻ ሁለት ጣት ያህል፣ ከሸራው መስኮቶችም አንዱን በትንሹ ከፍተው ይደሩ። የሚገባው ብርድ ከጤዛው ይሻላል።

ጠዋት፣ ጣሪያውን ከመዝጋትዎ በፊት

ከአልጋ እንደወረዱ የደረቡትን ገልብጠው ይተዉት፤ ወዲያው አያንጥፉት። ቡና እስኪፈላ ድረስ መስኮቶቹ ይከፈቱ፣ ፍራሹ በአንድ ጎኑ ቀና ብሎ ይቁም። ሸራውን በደረቅ ፎጣ ይጥረጉ። ትራስና የሚደርቡትን ወደ መሐል ሰብስበው አንድ አሮጌ አንሶላ ከላይ ያልብሱ፤ በኮረኮንች መንገድ አቧራ በየቀዳዳው ይገባል፣ የሸራው ጤዛም ሲታጠፍ የሚራገፈው አልጋው ላይ ነው። ቤት ሲደርሱ ጣሪያውን እንደገና ከፍተው ሁሉንም ያድርቁ፤ እርጥብ ሸራና እርጥብ አልጋ ተዘግተው ሳምንት ከቆዩ ሌላው ምርጫዎ ሁሉ ዋጋ የለውም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ተራራ ላይ አይደሩ። የገዙትን ሁሉ አንጥፈው ግቢዎ ውስጥ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ይደሩ፤ ጠዋት አልጋው እንደተነጠፈ ጣሪያውን ይዝጉ፣ መቆለፊያዎቹን ይቆልፉ፣ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረው ይመለሱና ይክፈቱ። ምን እንደተጨፈለቀ፣ ምን እንደረጠበ፣ ምን እንደበዛ ያዩታል። እስከዚያ ድረስ ዋጋ መለያውን ከኮምፎርተሩ ላይ አይቁረጡ፤ ደረሰኙንም አይጣሉ።